ሃያ ሊትር

ሞንግ ኮክ፣ ማክሰኞ ማታ። ዝናቡ እንዳባራ
የሱቁ ግድግዳ በፌስታል ሲያበራ፤
በየፌስታሉ ውስጥ አንድ ጭልፋ ኩሬ፣
በየኩሬው አንድ ነፍስ፣ ዋጋውም የዛሬ።

ከሥራ መውጣቴ ነው፤ ጥፍሬ ሥር ግራሶ አለ።
አሳንሰር እጠግናለሁ፤ ገመዱ የላላ፣ በሩ የዘገየ፣
በሁለት ፎቅ መሃል ሰው ይዞ የዋለ።

ቤታችን ጠባብ ናት። ካባቴ አልጋ ራስጌ
ሃያ ሊትር መስታወት፣ የወረሰው አልጌ፤
መጀመሪያ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ስስ ከፋይ፣
ዛሬ ጢም አብቅሏል ከድንጋዩ ላይ።
ብፍቀው ይመለሳል፣ ቀን ጠብቆ፣ እንደ ቤት ኪራይ።
ውስጡ የሚኖረው አንድ ቀይ ዓሣ ነው፤
አባቴ «ካፒቴን» ብሎ የሰየመው፤
ክንፉን እየጎተተ በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ሲያልፍ
የጠፋ ሰው ይመስላል፣ ካፖርቱ የሚረዝመው።

«አልጌ የሚበላ ዓሣ ስጠኝ» ስለው፣
አዛውንቱ ንጋይ መነጽሩን ጠረገው፤
«ሁሉም ይበላዋል፣ የተሻለ እስኪያገኝ ነው።»

አንድ ሕፃን አምባዛ በከንፈሩ፣ እንደ ቴምብር፣
መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ቆዳው ዝንጉርጉር ነብር።
«ይሄስ?»
«ይሄ ዛሬ ጣት ነው፤ ከርሞ ክንድ ይሆናል፤
ገንዳሽን እንደ ልጅነት ኮት ለብሶት፣ እጅጌው ያጥረዋል፤
ዞሮ ለመመለስ ወገቡን ያጥፋል።»

የጭነት ልክ አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤
«ስምንት ሰው» ይላል ሣጥኑ፤ ዘጠነኛው ሁሌ ይገባል፤
ከዚያ እኔ እጠራለሁ።

«ወርቃማው ቀጭኑስ?»
«ልጅ ሳለ ታታሪ ነው። ሲጎለምስ ሥራ ፈት፤
የሰነፍ ጎረቤቱን ጎን ሲልስ ያድራል ሌሊት።»
«ባለ ጥቁር መስመሩ?»
«እሱ እንኳ ጢሙን ሳይቀር ይነጫል፤ ሙያ አለው።
ግን ሯጭ ነው፤ ያንቺ ገንዳ ለሱ መታጠፊያ ብቻ ነው።»

ከጥጉ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ባቄላ የሚያካክሉ
ግራጫ ትንንሽ ዓሦች ጎን ለጎን ይግጣሉ።
«ኦቶ ይባላሉ። አንድ ብቻ አልሸጥም፤ ለብቻ ይፈራሉ።
ደግሞ እወቂ፤ መስታወቱ ፍጹም ከጠራ ይራባሉ፤
ሥራቸውን ሲጨርሱ እነሱም ያልቃሉ።»

«ሦስት» አልኩ። ከፍዬ ልወጣ ስል፣
«መብራቱ ስንት ሰዓት ይበራል?» አለኝ፣
እንዲሁ፣ ፌስታል እየቋጠረ፣ ቀና ሳይል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይሉት ይኸው ነው።
ምን ልበለው?
አባቴ ጀልባ ላይ ተወልዶ ጀልባ ላይ ያረጀ ነው።
አሁን ሌሊት ሲባንን ጨለማው ውሃ ይመስለዋል፤
አልጋውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል፤
የገንዳውን መብራት ሲያይ ግን «ወደብ» ይላል፣
እግሩን ቀስ ብሎ ያወርዳል፤
ይጠራኛል። አንዳንዴ ሙይሃ ይለኛል፣ በእህቱ ስም።
እንዴት ላጥፋበት? አላጠፋሁም።

ለካ በየእሑዱ በምላጭ የምፍቀው
የአባቴን እንቅልፍ ማጣት ነው፤
አረንጓዴው ሁሉ የነቃበት ሰዓት ነው።

ንጋይ አልመከረኝም። አንድ ቀንድ አውጣ በነጻ ጨመረልኝ፤
«የጀርባውን መስታወት አትፍቂው፣ ይብሉበት» ብቻ አለኝ።

የእኛ ሕንጻ አሳንሰር አርጅቷል፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።
ሽንኩርት የታቀፈች ሴት፣
ብስክሌቱን በአንድ ጎማ ያቆመ ልጅ፣
እኔ፣
በፌስታሌ ሦስት ነፍስ፣ ቀንድ አውጣውም ነፍስ ነው፤
ከልማዴ ቆጠርኩ። ሰባት ሆንን።
ስምንተኛው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ
መብራት አብርቶ ይጠብቃል።

በሩ ተዘጋ።
ደወሉ አልጮኸም።